አለፈ፣ ወደቀ

ፈተና የሚለው ቃላችን ሁለት ቤት አለው። አንዱ ቤቱ የጸሎት ቤት ነው። በዚያ ሰው ወደ ፈተና እንዳይገባ ይለምናል፤ ደጋግ ሰዎችም በፈተና ይጸናሉ። ሌላው ቤቱ ትምህርት ቤት ነው፤ እርሳስ ተቀርጾ፣ መታወቂያ ተይዞ፣ ወንበር ተቆጥሮ የሚገባበት። ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኝ በር ደግሞ አለ። በሩ «አለፈ» እና «ወደቀ» የምንላቸው ቃላት ናቸው። በጸሎት ቤቱ የወደቀ ሰው ኃጢአት የሠራ ነው። በትምህርት ቤቱ የወደቀ ልጅስ ምን የሠራ ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁንና ውጤት በሚነገርበት ሰሞን በየሰፈሩ የሚወራውን ላዳመጠ ሰው፣ ሁለቱን መውደቅ የምንለያቸው አይመስልም። «የእነ እገሌ ልጅ ወደቀ አሉ» ስንል ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ያለፈው ልጅ እናት ደግሞ ድፎ ትደፋለች፣ ጎረቤት ትጠራለች። አንደኛው ልጅ በአንድ ቀን ጨዋ፣ ብልህ፣ ወላጁን ያኮራ ይሆናል፤ ሌላው በዚያው ቀን ሰነፍ፣ አልባሌ፣ ወላጁን ያሳፈረ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ አምስት ጥያቄ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የምፈልገው ይህንኑ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተቀበለህ የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው የደረሰው ምንድን ነው? የድካሙ ዋጋ ነው? የችሎታው ምስክር ነው? ወይስ ሌላ ነገር? አገሮች ይህችን ጥቂት ወንበር የሚያድሉበት መንገድ ለየቅል ስለሆነ፣ መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ለጥያቄው መልስ ሳይረዳ አይቀርም።

ከቤታችን እንጀምር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲሰጥ፣ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ተሰብስበው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲያድሩና እዚያው እንዲፈተኑ ተደረገ። ምክንያቱ ስርቆትና ኩረጃ ነበር። ውጤቱ በጥር ወር ሲገለጽ አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ ከመቶ 3.3 መሆናቸው ነው። የሚቀጥለው ዓመት 3.2 ሆነ። ከዚያ 5.4፣ ከዚያም የ2017 ዓ.ም. ተፈታኞች 8.4።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው በ2015 ዓ.ም. በተነገረው ውጤት ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! እስቲ ቆም ብለን እናስበው። አንድ ልጅ ሲወድቅ ሰነፍ ነው ልንል እንችላለን። አንድ ክፍል ሙሉ ሲወድቅ ምን እንላለን? አንድ ትምህርት ቤት እስከ አንደኛ ወጪው ድረስ ሲወድቅስ? ስንፍና እንደ ፈንጣጣ በወረርሽኝ ይመጣል እንዴ? ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑት በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኩራዝ ያጠኑ ልጆች እንደነበሩ ማን ይጠራጠራል? እዚህ ላይ «ወደቀ» የሚለው ግሥ ባለቤቱን ስቷል። የወደቀው ሌላ፣ የሚታማው ሌላ።

እኔ ራሴ ከዚህ ነገር ውጭ ሆኜ የምናገር አይደለሁም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን ነው የተማርኩት፤ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጥ የነበረውና ኋላ የቀረው። የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም። ፊዚክስ ያስተማሩን የነበሩት መምህር በዓመቱ አጋማሽ የተሻለ ደሞዝ አግኝተው ሄዱ፤ እስከ ፈተናው ድረስ ምትክ አልመጣልንም። ክፍለ ጊዜዋን በጨዋታ አሳለፍናት። ነጥቤ ለመሰናዶ አልበቃም፤ በአንድ ኮሌጅ ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ ተማርኩ። ከቤታችን ሦስት ፌርማታ አልፎ የሚማር፣ ከእኔ ጋር ኳስ ሲጫወት ያደገ ልጅ መሰናዶ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ዛሬ መሐንዲስ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ይገባዋል። ግን የእሱ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበረው። «ይገባዋል» የምትለው ቃል ውስጥ ያ መምህር የት ቦታ ላይ ነው ያሉት? ለዓመታት የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ነገሩን በሌላ መልኩ እንዳየው ያደረገኝ አጋጣሚ ተፈጠረ። በ2016 ዓ.ም. ሁለት የቤተ ዘመድ ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨረሱ። አንዷ ለንደን የተወለደች የአጎቴ ልጅ ናት፤ ሌላዋ እዚሁ አዲስ አበባ ያለች የእህቴ ልጅ። ሚያዝያ ላይ ለበዓል ስልክ ስደውል አጎቴ ድምፃቸው በደስታ ተሞልቶ ነበር።

«አምስት ቦታ አመልክታ ሦስቱ ተቀበሏት» አሉኝ።

«እንኳን ደስ ያለዎት! ፈተናውን አለፈች ማለት ነዋ?»

«የለም፣ ፈተናው ገና ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው የምትቀመጠው።»

ግራ ገባኝ። ፈተና ሳይወስዱ መግባት አለ እንዴ? ነገሩ ወዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር ተማሪው ዩካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ በኩል እስከ አምስት ምርጫ ያቀርባል። መምህራኑ «ይህ ልጅ በኤ-ሌቭል ፈተና ይህን ያህል ያመጣል» ብለው ግምታቸውን ይጽፉለታል። ዩኒቨርሲቲው ያንን አይቶ፣ አንዳንዱም ቃለ መጠይቅ አድርጎ፣ ቅድመ ሁኔታ ያለበት የመቀበያ ደብዳቤ ይልካል። «ሁለት ኤ እና አንድ ቢ ካመጣሽ ቦታሽ የተጠበቀ ነው» ይላል ደብዳቤው ለምሳሌ። ተማሪው አንዱን ዋና፣ አንዱን መጠባበቂያ አድርጎ ይመርጣል። ኦገስት ላይ ውጤት ሲወጣ ነጥቡን ያሟላ ይገባል።

የእህቴ ልጅ በበኩሏ ሐምሌ ላይ ተፈተነች። ከዚያ በፊት የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ስሟን አያውቅም፤ እሷም ከማንም ደብዳቤ አልጠበቀችም። ውጤቱ ሲመጣ ከግማሽ ጥቂት ነጥብ ጎደላት፤ የማካካሻ ትምህርት፣ «ሪሜዲያል» የምንለው ደረሳት። ቢሞላላትም ኖሮ የሚጠብቃት ምደባ ነበር። ምርጫ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ከነጥቧና ከምርጫዋ አገናዝቦ የትም ይልካታል።

ሁለቱን ሳስተያይ መጀመሪያ ያስቀናኝ የእንግሊዙ ሥርዓት ገንዘቡ ወይም ሕንፃው አልነበረም። ያስቀናኝ ቃል ኪዳን መሆኑ ነው። ደብዳቤው ተማሪዋን ብቻ አያስርም፤ ጸሐፊውንም ያስራል። «ይህን ካደረግሽ ይህን እናደርጋለን» የሚል ተቋም አስቀድሞ ራሱን ባለዕዳ አድርጓል። ምደባ ግን ለማንም ቃል አልገባም፤ ስለዚህ ቃሉን ሊያጥፍም አይችልም። ለአንድ የ18 ዓመት ልጅ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ትልቅ ተቋም በስሙ ጠርቶ ቃል ሲገባለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ይሁን እንጂ ቅናቴ ብዙ አልቆየም። ቃል ኪዳኑ የቆመው በመምህር ግምት ላይ ነው። የመምህር ግምት ደግሞ ትንቢት ነው፤ ከተገመተው በታች የሚያመጣው ተማሪ ብዙ መሆኑን እዚያው አገር የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። የዚህ ሥርዓት ገመና በይፋ የተገለጠው ግን በኮሮና ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ፈተናው ተሰረዘና መምህራን ውጤት እንዲሰጡ ተደረገ። መምህራን ያበዛሉ ተብሎ ስለተፈራ የመንግሥቱ የፈተና ተቆጣጣሪ ድርጅት አንድ የሒሳብ ቀመር አዘጋጀ። ቀመሩ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ያለፉ ዓመታት ውጤት እያየ የልጆቹን ነጥብ አስተካከለ። ኦገስት 13 ቀን ውጤቱ ሲወጣ መምህራን ከሰጡት ነጥብ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከዚህ ቀደም ትልቅ ነጥብ አምጥቶ በማያውቅ ትምህርት ቤት የተማረ ጎበዝ ልጅ፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ስላላመጡ ብቻ እሱም አላመጣም ተባለ። ጥቂት ተማሪ ባለባቸው ክፍሎች ቀመሩ ስለማይሠራ የመምህሩ ግምት ጸደቀ፤ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ደግሞ በብዛት የሚገኙት በሚከፈልባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። በአራተኛው ቀን፣ ኦገስት 17፣ መንግሥት ቀመሩን ትቶ የመምህራኑን ነጥብ አጸደቀ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ቀመር ውስጥ የእኛን ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አላያችሁም? ልዩነቱ እንግሊዞች «አንተን ሳይሆን ትምህርት ቤትህን ነው የመዘንነው» የሚለውን እውነት በቀመር ጽፈው ስለተያዙበት ነው። እኛ ዘንድ ቀመሩ አልተጻፈም፤ የመምህር እጦት፣ የመጽሐፍ እጦት፣ የመንገድ ርቀት ሆኖ በየገጠሩ ተበትኗል። ያልተጻፈ ቀመር ላይ ሰልፍ አይወጣበትም።

ታዲያ ፈተናን እንጣለው ወይ? በበኩሌ እንዲህ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ፈተና ፊት የለውም፤ አያዳላም ማለቴ አይደለም፤ የአባትህን ስም አይጠይቅም ማለቴ ነው። ቻይናዎች እ.ኤ.አ. በ1905 እስኪያስቀሩት ድረስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሹማምንቶቻቸውን በፈተና ሲመርጡ ኖረዋል። በአንድ ዘመን የተፈታኙ ስም ይሸፈን፣ የእጅ ጽሑፉም እንዳይታወቅ ወረቀቱ በሌላ ጸሐፊ እንደገና ይገለበጥ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረጉት ዘመድ ዘመዱን እንዳይሾም ነው። በባህል አብዮቱ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቀረና ልጆች ወደ ገጠር ተላኩ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በፖለቲካ ድጋፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ ፈተናው ሲመለስ 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተቀመጠ፤ የገቡት 270 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። ያም ሆኖ የዚያ ዘመን ሰዎች ቀኑን እንደ ነጻነት ቀን ያነሱታል። ለምን? ለዓመታት በማን ልጅነታቸው ሲመዘኑ ቆይተው፣ ያን ቀን በሚያውቁት ነገር ተመዘኑ።

ስለዚህ ከኩረጃ ጋር የተደረገውን ትግል አላቃልልም። የተሰረቀ ፈተና የሚጎዳው ለመግዣ ገንዘብ የሌለውን ነው። ግን አንድ ነገር እንጨምር። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ተለጥፎ ተገኘና ተሰረዘ። ፈተናውን ያወጡት ሰዎች ያቀረቡት ምክንያት፣ በኦሮሚያ በተቃውሞው ሳቢያ ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ስለነበር ልጆቹ ሳይማሩ ሊፈተኑ ነው የሚል ነበር። ፈተና መስረቅ ነውር ነው። ያልተማረን ልጅ እንደተማረ ቆጥሮ መፈተንስ ምንድን ነው? ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ የሚፈጸሙ ውሸቶች ናቸው፤ አንዱ መልሱን፣ ሌላው ጥያቄውን ያጭበረብራል። በትግራይም በጦርነቱ ሳቢያ ትምህርት ለዓመታት ተቋርጦ ቆይቶ፣ ልጆቹ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለፈተና ሲቀመጡ አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ መያዝ የሚገባቸው ዕድሜ ላይ ደርሰው ነበር። ፈተናው ለሁሉም አንድ ሊሆን ይችላል። ወደ ፈተናው የሚወስደው መንገድ ግን አንድ አልነበረም።

«እንግዲያስ ልጁን በሙሉ እንየው፤ ነጥቡን ብቻ አንይ» የሚሉ አሉ። ይህን የሚያደርጉት አሜሪካኖች ናቸው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ነጥብ ያያሉ፤ ከነጥቡ ሌላ የመምህር ምስክርነት፣ የስፖርት ችሎታ፣ የበጎ አድራጎት ሥራ፣ ልጁ ስለ ራሱ የጻፈው ድርሰት ይመዘናል። ሐሳቡ መልካም ነው። የወደቀበት ቦታ ግን ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጋለጠው ቅሌት ሀብታም ወላጆች ለአንድ ደላላ ገንዘብ እየከፈሉ፣ ልጆቻቸውን ተጫውተው በማያውቁት ስፖርት ጀግና አስመስለው፣ የፈተና መልስ እያስቀየሩ ሲያስገቡ እንደነበር አሳይቷል። ይህ ሕገ ወጡ ነው። ሕጋዊው ደግሞ አለ፤ ብዙ የታወቁ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ወላጁ እዚያ የተማረን ልጅ በተለየ ዓይን ሲያዩ ኖረዋል።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ የእኛን ሰው ይነካል። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ የታክሲ ሹፌር ወገናችን ልጁ ያንን ድርሰት ሊጽፍ ሲቀመጥ ምን ይጽፋል? የአባቱን ሌሊት፣ የእናቱን ሁለት ሥራ፣ የስደቱን መንገድ። መጻፉ መልካም ነው። ግን ቤተሰቡ ሸሽጎ የኖረውን ችግር አውጥቶ ለማያውቀው ኮሚቴ ማቅረብ ግዴታ ሲሆንበት፣ ሰቆቃው ራሱ ነጥብ የሚያስገኝ የትምህርት ዓይነት ሆነ ማለት ነው። የተቸገረ ሰው ሁለት ጊዜ ይፈተናል፤ አንዴ በኑሮ፣ አንዴ በአተራረክ። ፈተናው የአባትህን ስም አይጠይቅም ብዬ ነበር፤ ይህኛው የአባትህን ታሪክ ይጠይቃል።

አሁን ወደ እንግዳው መንገድ ልምጣ። የኔዘርላንድ ሰዎች ለሕክምና ትምህርት ከቦታው በላይ አመልካች ሲበዛባቸው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ዕጣ ያወጡ ነበር! እርግጥ ነው፣ ዕጣው ውስጥ ለመግባት የሁለተኛ ደረጃ ፈተናን ማለፍ ያስፈልጋል፤ ከፍ ያለ ነጥብ ያለውም የዕጣ ዕድሉ ከፍ ይላል። ያም ሆኖ እጅግ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ሰው ዕጣው ሳይወጣለት ሊቀር ይችላል። በ1990ዎቹ እንዲህ ያለ ተማሪ ተደጋግሞ ዕጣ ሳይወጣለት ቀርቶ አገሩን አነጋግሯል፤ ሕጉም ተሻሽሎ በጣም ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው በቀጥታ እንዲገቡ ሆነ። በ2017 ዕጣው ጨርሶ ቀረ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ግን፣ በምርጫው ኮሚቴ ፊት የሚያሸንፈው የተደላደለ ቤተሰብ ልጅ እየሆነ መምጣቱ ሲያሳስባቸው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ከፈለጉ ወደ ዕጣ እንዲመለሱ እንደገና ፈቀዱ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ማይክል ሳንደልም እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለትምህርቱ ብቁ የሆኑትን ለይቶ ከእነሱ መካከል በዕጣ ማስገባትን አሳስቧል።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው «የሰው ልፋት በዕጣ?» ብሎ ተቆጣ። ግን እስቲ እናስተውል፤ ነገሩ ለእኛ እንግዳ ነው ወይ? ዲቪ ለዓመታት ምን ነበር? 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ይሙላ፤ የወጣለት ይሂድ። የወጣለት ሰው «ወጣልኝ» ይላል እንጂ «አለፍኩ» አይልም። ያልወጣለትም «አልወጣልኝም» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ይሞላል። ማንም «ዲቪ ወደቀ» ተብሎ ሲታማ ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ላይ ቋንቋው ራሱ ፍትሕ አለው። ደረሰ፣ አልደረሰም፤ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል፣ ወደ ሰውዬው ማንነት አይሻገርም።

ዕጣ ይሁን እያልኩ አይደለም። ዕጣም ይሰረቃል፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ከወጣ በኋላ መሰረዙን እናስታውሳለን። ማለት የፈለግሁት፣ ከፈተናችን ውስጥ ያልተጻፈ ዕጣ እንዳለ ነው። መምህሩ የቀሩበትና የቆዩለት፣ ጦርነቱ የደረሰበትና ያልደረሰበት፣ መብራት ያለበትና የሌለበት፣ የታመመበትና ጤናው የሰጠው... ይህ ሁሉ ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት የወጣ ዕጣ ነው። የኔዘርላንዱ ዕጣ ቢያንስ ዕጣ መሆኑን አይደብቅም። የእኛው «ጉብዝና» የሚል ስም ለብሷል።

ማይክል ያንግ የተባለ እንግሊዛዊ የኅብረተሰብ ተመራማሪ ይህን አደጋ ቀድሞ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ልቦለድ መሰል መጽሐፍ፣ ሁሉም ሰው በችሎታው ተመዝኖ የሚቀመጥበትን የወደፊት ኅብረተሰብ አሳየ። መጽሐፉ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ ከላይ ያሉት ይገባናል ብለው ይታበያሉ፣ ከታች ያሉትም ይገባናል ብለው ያቀረቅራሉ። በድሮ ዘመን ገባር የነበረው ሰው ዕጣ ፈንታዬ ነው ይል ነበር፤ ውስጡ ግን ከጌታው እንደማያንስ ያውቃል። በፈተና የወደቀው ልጅ ይህችም መጽናኛ የለችውም። ያንግ ያወጣው ቃል ከጊዜ በኋላ ፖለቲከኞች በሙገሳ ሲጠቀሙበት ስላየ፣ በ2001 እንደገና ቅሬታውን ለመጻፍ ተገዷል።

እኛስ ከራሳችን ጓዳ የምናወጣው ነገር የለም ወይ? አለ እንጂ። የቆሎ ተማሪውን እናስታውስ። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የሚዞረውን። በቅኔ ቤት የአንድ ቀን ፈተና የለም። ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ የበሰለ ዕለት መምህሩ ይመሰክርለታል፤ «አስመሰከረ» ይባላል። ያልበሰለው «ወደቀ» አይባልም፤ «ገና ነው» ይባላል። በእርግጥ ያም ሥርዓት ነቀፋ አለበት፤ ዓመታት ይፈጃል፣ በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ሴቶችን በአብዛኛው አላስጠጋም። ግን «ገና ነው» የምትለዋን ቃል ወደ ዛሬው ትምህርት ቤት ይዘን ብንመጣ ምን ይጎዳናል? የእህቴ ልጅ የገባችበት የማካካሻ ትምህርት በመሠረቱ ይህችው ቃል ነበረች፤ ሰፈሩ ግን «የወደቁት የሚገቡበት» ብሎ ሰየማት።

የቆሎ ተማሪው ሌላም ነገር ያስተምረናል። ያ ተማሪ ሊቅ በሆነ ጊዜ «በጥረቴ ነው» ቢል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ በየደጁ ቁራሽ የሰጡት እናቶች ናቸው። ራሳቸው ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው አንድ ሰው እንዲማር አደረጉ። የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጪ መጋራት ደንብ ከወጣ ወዲህ እንኳ ተመራቂ የሚከፍለው ከወጪው የተወሰነውን ነው። ቀሪውን የሚከፍለው ልጇ ያላለፈባት እናት ጭምር ናት፤ ከጨው፣ ከስኳር፣ ከሳሙና ላይ በምትከፍለው ግብር። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አባባላችን የዚህ ሕዝብ እምነት ነበር፤ የተማረው ግን አባባሉን እንደ ፈቃድ የወሰደበት ጊዜ አልጠፋም።

ከዚህ ሁሉ ተነስቼ የምደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው። የመግቢያ ደብዳቤ ደሞዝ አይደለም፤ ተሠርቶ የተከፈለ፣ ተቆጥሮ የተዘጋ ሒሳብ አይደለም። የመግቢያ ደብዳቤ ዕቁብ ነው። በዕቁብ መጀመሪያ ላይ የደረሰው ሰው ይደሰታል፤ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ግን ዋስ ይጠራል። ለምን ቢሉ፣ የተቀበለው የሁሉም መዋጮ ስለሆነና የመጨረሻው ሰው እስኪደርሰው ድረስ መክፈሉን መቀጠል ስላለበት ነው። ቀድሞ ስለደረሰው «እኔ ከእናንተ እበልጣለሁ» ብሎ የሚታበይ ዕቁብተኛ አይቼ አላውቅም። ቀድሞ ደርሶት መክፈል ያቆመውን ግን ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚጠራው ሁላችንም እናውቃለን።

ፈተናው ይኑር፤ ጥብቅ ይሁን፤ አይሰረቅ። መንግሥትም ከመፈተኑ በፊት ያስተምር፤ አንድ ልጅ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ሲገኝ ልጆቹ ከመጠየቃቸው በፊት ትምህርት ቤቱንና የበላዮቹን ይጠይቅ። እንደ እንግሊዞቹ ደብዳቤ ቃል ይግባ፤ «በየክፍሉ መምህር፣ በየእጁ መጽሐፍ ካላቀረብኩ በነጥብህ ብቻ አልፈርድብህም» ይበል። እነዚህ የባለሥልጣን ሥራዎች ናቸው፤ ጊዜ ይወስዳሉ።

አንድ ነገር ግን በእኛ እጅ ነው፤ በጀትም መመሪያም አይጠይቅም። በሚቀጥለው ጊዜ ውጤት ሲነገር ለጎረቤታችን ልጅ የምንለውን መምረጥ እንችላለን። ለደረሰው «እንኳን ደስ ያለህ፤ ዋስህ ማን ነው?» ብንለው ይስቅና ያስብበታል። ላልደረሰው ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ ሳናደርግ፣ በር ላይ ቆመን፣ እንደ ወትሮው ሰላም ብለን ትምህርት ቤቱ ስንት መምህር እንደነበረው እንጠይቀው።